ሃይማኖት በጥንታዊ ሥልጣኔ ላይ የሠራው ሥራ በክፍል ውስጥ እንዴት ይነገራል?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በቡራዩ በኩል ሲያልፍ የገፈርሳን ውኃ ያያል። የቡራዩ ልጆች ይህን ግድብ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ስለሚያዩት እንደ ተራራውና እንደ ሜዳው ከጥንት የነበረ አድርገው ይቆጥሩታል። ሰው አስቦ፣ ለክቶ፣ ገንዘብ መድቦና ሠራተኛ ቀጥሮ የሠራው መሆኑ ትዝ የሚላቸው ሌላ ሰው ሲያስታውሳቸው ነው። የጥንታዊ ሥልጣኔዎች ታሪክም በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በዚሁ መልክ ነው። የግብፅ ፒራሚድ፣ የየሐ ቤተ መቅደስ፣ የአክሱም ሐውልት ከመሬት በቅለው የተገኙ ይመስላሉ። ተማሪው የንጉሡን ስምና ዘመኑን አጥንቶ ለፈተና ይጽፋል፤ ያንን ድንጋይ ማን እንደ ጎተተው፣ ጎታቹን ማን እንዳበላው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ለምን እሺ ብሎ እንደ ጎተተው ሳይጠይቅ ያልፋል።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከተነሣ መልሱ ወደ ሃይማኖት መውሰዱ አይቀርም። አስተማሪው የሚፈራውም ይህንኑ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ፣ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ በመጣ ሕዝብ የተሞሉ ከተሞች ናቸው። በአንድ የትምህርት ቤት አግዳሚ ላይ የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የወንጌላውያንና የዋቄፈና ልጆች ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣሉ። በዚህ ክፍል ፊት ቆሞ ስለ አማልክት፣ ስለ መሥዋዕትና ስለ ንጉሥ ጥምቀት የሚናገር መምህር አንዲት ቃል ብትሳሳተው ማግሥቱን ወላጅ በር ላይ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ከሁለት መውጫዎች አንዱን ይመርጣል። አንዳንዱ የራሱን እምነት እውነት፣ የሌላውን ተረት አድርጎ ይሰብካል። የሚበዛው ግን ነገሩን ዘልሎ «ንጉሡ ይህን ሠራ፤ ያን ድል አደረገ» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው መውጫ ጨዋነት ስለሚመስል ጉዳቱ አይታይም፤ ነገር ግን ተማሪው የጎረቤቱን እምነት ከድምፅ ማጉያ በቀር ከሌላ ከየትም ሳይሰማው እንዲያድግ ያደርጋል።

ሕጉን ምክንያት አድርጎ የሚያቀርብም አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ዳሩ ግን ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ የሆነ ትምህርትና ስለ ሃይማኖት የማይናገር ትምህርት አንድ አይደሉም። የሕግ መምህር አንድን ክርክር ሲያስረዳ ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ጠበቃ አይሆንም። የታሪክ መምህርም «ይህ እምነት እውነት ነውን?» የሚለውን ጥያቄ ለቤተሰብና ለእምነቱ አባቶች ትቶ «ይህን ያመኑ ሰዎች በማመናቸው ምን ሠሩ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የዚህ ጥያቄ መልስ በድንጋይ፣ በአፈርና በቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህም መሐንዲሱን ጭምር ይመለከታል።

በገፈርሳ አጠገብ የሚማር ልጅ ስለ ግድብ ለመስማት ጆሮው ክፍት ስለሆነ ትምህርቱ ከሌላ ግድብ ቢጀምር ይቀናል። ግድቡ የሚገኘው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን፣ የጥንታዊው የሳባ መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችው በማሪብ ነው። የማሪብ ግድብ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር፣ ቁመቱም በኋለኛው ዘመን ወደ 15 ሜትር ይጠጋ ነበር። አካሉ ድንጋይ የለበሰ የአፈር ክምር ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት የውኃ ማውጫ በሮች ግን በተጠረበ ድንጋይ የታነጹ ስለሆኑ ፍርስራሻቸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። እንደ ገፈርሳ ውኃ አጠራቅሞ ዓመቱን ሙሉ ለማቆየት የታሰበ አልነበረም። በዝናብ ወራት ከተራራ የሚወርደውን ደራሽ አግቶ፣ የውኃውን ከፍታ ወደ ላይ አንሥቶ፣ በግራና በቀኝ ወዳሉት እርሻዎች ያከፋፍል ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። ደራሹ ደለል ያመጣል፤ ደለሉ የእርሻውን መሬት ከዓመት ዓመት ከፍ ያደርገዋል፤ መሬቱ ከፍ ሲል ግድቡም ከፍ ማለት አለበት። በየዘመኑም ይሰበራል። ግድቡ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አገልግሏል ማለት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሲጠገን ኖሯል ማለት ነው። ለጥገናው በሺህ የሚቆጠር ሰው እርሻውንና ከብቱን ትቶ፣ ከሩቅ ነገድ ሳይቀር፣ መምጣት ነበረበት። በዚያ ዘመን ፔሮልም ሆነ ሥራ ተቋራጭ የለም። ማን ቢጠራው ይመጣል?

በመጀመሪያው ዘመን ጥሪው የሚተላለፈው በአልመቃህ ስም ነበር። አልመቃህ የሳባ መንግሥት ዋና አምላክ ሲሆን ሕዝቡም ራሱን የአልመቃህ ልጆች እያለ ይጠራ ነበር። ቋንቋና ዝምድና የማያስተሳስራቸው ነገዶች በአንድ አምላክ ልጅነት ወንድማማች ሲባሉ አንድ ግድብ በጋራ መጠገን ይችላሉ። በ4ኛው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት የሂምያር ነገሥታት የቀድሞዎቹን አማልክት ትተው ራሕማናን የሚሉትን አንድ አምላክ ማምለክ ጀመሩ፤ ግድቡ ግን ያው ግድብ ነበርና በ5ኛው መቶ ዓመት የጠገኑት ሰዎች ጥገናውን የሰማይና የምድር ጌታ በሚሉት አምላክ ስም አጻፉ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ548 ግድቡ እንደ ገና ሲሰበር የጠገነው ከአክሱም ሠራዊት ጋር ባሕር ተሻግሮ በኋላ በየመን የነገሠው አብርሃ ነው።

አብርሃ ያስቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በራሕማናን፣ በመሲሑና በመንፈስ ቅዱስ ስም ይጀምርና የተነሣበትን ዓመፅ ይተርካል፤ የግድቡን መሰበር ይናገራል፤ ነገዶቹ ለሥራ ከተጠሩ በኋላ ወረርሽኝ ስለ ገባ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ እንደ ተፈቀደላቸው፣ በማሪብ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተቀደሰ፣ ከአክሱም፣ ከሮምና ከፋርስ ነገሥታት መልእክተኞች እንደ መጡ ይገልጻል። በመጨረሻም ለሠራተኛው የቀረበውን ዱቄት፣ ተምር፣ የታረደ ከብትና መጠጥ እየቆጠረ ያስቀምጣል። መሐንዲስ ይህን ሲያነብ የሥራ መዝገብ ያገላበጠ ይመስለዋል። መጀመሪያው ጸሎት፣ መጨረሻው የስንቅ ሒሳብ ነው፤ በመካከሉም ሕመም የተነሣ ሥራው የቆመበት ወራት አለ። ስለ ሃይማኖትና ስለ ጥንታዊ ኅብረተሰብ ከዚህ አንድ ድንጋይ የበለጠ የሚያስተምር መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የአብርሃ ስም በተጠራ ጊዜ ክርስቲያን የሆነው ተማሪ የአክሱም ሰው ባሕር ማዶ ግድብ ጠገነ ሲባል ደስ ይለዋል። ሙስሊሙ ተማሪ ግን አብርሃን የሚያውቀው በሌላ መልክ ነው፤ ካዕባን ለማፍረስ በዝሆን የዘመተው ሰው ነውና። የማሪብንም ጎርፍ ያውቀዋል፤ በቁርኣን ሰበእ በተባለው ምዕራፍ የተነገረ ነው። መምህሩ በዚህ ጊዜ ከፈራ ወሬውን ያቋርጣል፤ ከደፈረ ግን ሁለቱም የሚያውቁትን እንዲናገሩ ይፈቅዳል፤ ከዚያም ሁለቱንም ወደ ጽሑፉ ይመልሳቸዋል። «አንተ የምታውቀው ከየት የመጣ ነው? አንተስ? ይህ ድንጋይ የተጻፈው መቼ ነው? ማን አስጻፈው? ራሱን ለማመስገን የጻፈ ሰው ምን ሊደብቅ ይችላል?» የሚሉት ጥያቄዎች የማንንም እምነት አይነኩም፤ የታሪክን ሥራ ግን ያስተምራሉ። አንዱ ተማሪ የጀግናው ሌላ ገጽታ እንዳለ፣ ሌላውም ጠላት ተብሎ የሚጠራው ሰው ግድብ እንደ ጠገነ ሲሰማ ቀኑ ባዶውን አልዋለም።

አልመቃህ በባሕር ማዶ ብቻ የቀረ አምላክ አልነበረም። ከአድዋ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የየሐ ታላቅ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ለእርሱ የተሠራ ነው። በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2007 የተገኘው ቤተ መቅደስም የእርሱ ነው፤ በዚያም የመሥዋዕቱ ፈሳሽ የሚወርድበት አሸንዳ ያለው የድንጋይ መሠዊያ ተገኝቷል። የየሐ ግድግዳ ያለ ማልታ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የቆመ ነው። ግንበኛ የሆነ አባት ያለው ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ቤቱ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በስድስቱም ገጹ ቀጥ ብሎ ካልተጠረበ ግንቡ አይቆምም። ከዚህም በላይ ሕንፃው በኋለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል። አዲሱ እምነት የቀድሞውን ቤት ባያፈርሰውና ባይኖርበት ኖሮ እንደ ሌሎቹ የዘመኑ ሕንፃዎች ድንጋዩ ለአጥርና ለቤት ተለቅሞ ባለቀ ነበር።

ወደ ቁጥር እንምጣ፤ የምህንድስና ሰው በዚህ በኩል ለመምህሩ ብዙ ሊረዳው ይችላል። ሃይማኖት ጥንታዊ ሰዎችን ካስገደዳቸው ነገሮች አንዱ ጊዜን መለካት ነው። በዓሉ በቀኑ እንዲውል፣ ጾሙ በወቅቱ እንዲገባ ሰማይን ማየትና መቁጠር ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ያህል ነው። ልዩነታቸው 11 ቀን ነው። ይህች 11 በቡራዩ ክፍል ውስጥ በሦስት ቤት ትገኛለች።

አንደኛው ቤት የባሕረ ሐሳብ ነው። የ2017 ዓ.ም.ን ስሌት ብንወስድ 5500 ሲጨመርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቁ 29 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅ ሲደመሩ ዘወትር 30 የሚሆኑበትን ምክንያት ሊቃውንቱ ያውቁታል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪም 11 እና 19 ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ልብ ካለ በራሱ ይደርስበታል። ሁለተኛው ቤት የሂጅራ አቆጣጠር ነው። ሙስሊሙ ተማሪ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በክረምትም በበጋም እንደሚውል ከቤቱ ያውቃል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን በክፍል ውስጥ ጠይቆት አያውቅ ይሆናል። ሦስተኛው ቤት የቦረና ኦሮሞ አቆጣጠር ነው። አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር እያስተያዩ 354 ቀን ያለውን ዓመት ይቆጥራሉ። አንዱ 11ዱን ቀን ለማስታረቅ ስሌት አበጀ፤ ሌላው ልዩነቱን እንዳለ ተቀብሎ ጨረቃዋን ብቻ ተከተለ፤ ሦስተኛው ከዋክብትን ምስክር አድርጎ ጨረቃዋን ያዘ። ጨረቃዋ ግን አንዲት ናት። ሦስቱን ልጆች በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ የየቤታቸውን ሒሳብ ማሠራት የሚችል መምህር ስለ መቻቻል ንግግር ማድረግ አያስፈልገውም።

ነገሩን ግን ማር ብቻ አድርጎ ማቅረብ ሌላ ዓይነት ስብከት ይሆናል። ሃይማኖት ሰውን ለሥራ እንደ ጠራ ሁሉ ለጦርነትም ጠርቷል። የአክሱሙ ንጉሥ ዔዛና በመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ ራሱን የመሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል፤ በኋላ ደግሞ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። በገንዘቡም ላይ የነበሩት ክብ ሰሌዳና ግማሽ ጨረቃ በመስቀል ተተክተዋል፤ ሁለቱ ሳንቲሞች ጎን ለጎን ሲታዩ በ4ኛው መቶ ዓመት የሆነውን ለውጥ ከብዙ ገጽ ይልቅ ያስረዳሉ። ነገር ግን የተማረኩትና የተገደሉት በቀድሞው አምላክ ስም እንደ ተቆጠሩ ሁሉ በአዲሱም ስም ተቆጥረዋል። ይህን ለተማሪ መደበቅ አይገባም።

ውድቀትም አለ። በአክሱም ከተሠሩት ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር የሚረዝም፣ ክብደቱም ወደ 520 ቶን የሚገመት ነው። ድንጋዩ የተፈለፈለው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ካባ ነው። ለመቃብር ምልክትነትና ለሟች ክብር ይህን ያህል ድንጋይ ጠርቦ ጎትቶ ማምጣት የሚያስችል እምነት ነበረ፤ ሆኖም በመሬት ውስጥ የገባው እግሩ ለቁመቱ የሚበቃ አልነበረምና ሲያቆሙት ወይም እንደ ቆመ ብዙም ሳይቆይ እንደ ወደቀ አጥኚዎች ያምናሉ። እምነት ድንጋዩን እስከ ስፍራው አደረሰው፤ መሠረቱን ግን አልቆፈረለትም። ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ ይወዱታል፤ መሐንዲሶችም ሳይወዱ በግድ ያስታውሱታል።

ሁሉንም ነገር በሃይማኖት ማስረዳትም ያሳስታል። በቱርክ አገር ጎቤክሊ ቴፔ በተባለው ኮረብታ ክላውስ ሽሚት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የቆፈራቸው ግዙፍ ምሰሶዎች ከአሥራ አንድ ሺህ ዓመት በፊት አዳኞችና ለቃሚዎች ያቆሟቸው በመሆናቸው ከእርሻ በፊት ቤተ መቅደስ ቀደመ የሚል ሐሳብ አስነሥተው ነበር። በኋላ በዚያው ስፍራ መኖሪያ ቤቶችና የእህል ወፍጮዎች ሲገኙ ሐሳቡ መታረም ጀመረ። ተማሪው ይህንንም ቢሰማ መልካም ነው፤ ሊቃውንትም ሐሳባቸውን እንደሚለውጡ ያያል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ነው። የታሪክ ትምህርት ብዙ ጊዜ ከክርስትናና ከእስልምና በፊት የነበረውን ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ጠቅልሎ «ባዕድ አምልኮ» ይልና ይዘጋዋል። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠው ልጅ ግን ክረምቱ ሲወጣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ከአያቱ ጋር እዚያው ቡራዩ መልካ አቴቴ ወርዶ ለዋቃ ምስጋና ያቀረበ ሊሆን ይችላል። ለእርሱ እሬቻ ያለፈ ዘመን ታሪክ አይደለም። ስለ ራሱ ሲነገር ያለፈ ነገር ተደርጎ የሚሰማ ልጅ እጁን አያነሣም፤ ከዚያ ቀን በኋላ መምህሩ ስለ የሐም ሆነ ስለ ላሊበላ የሚናገረውን አይሰማውም። የላሊበላም ነገር እንዲሁ ነው። መላእክት በሌሊት አግዘው ሠሩት የሚለውን ትውፊት መምህሩ ማፍረስም ማጽደቅም የለበትም፤ ከዐለቱ የወጣውን ጠራቢ በሜትር ኩብ አስልቶ፣ የዝናቡ ውኃ እንዳይተኛ ወለሉና ቦዩ እንዴት እንደ ዘነበለ አሳይቶ፣ ያ ትውልድ ስለ ሥራው ምን እንደ ተሰማው ትውፊቱ ራሱ እንዲናገር ቢተወው በቂ ነው።

ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ፋብሪካዎችና የሕንፃ ሥራዎች ላይ ይውላሉ። በዓመት አንድ ቀን ለአንድ ትምህርት ቤት መስጠት ለማንም የሚከብድ አይደለም። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ መንገድ የሚወርድ አውቶቡስ በአንድ ጉዞ መልካ ቁንጥሬን፣ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምንና የጢያን ትክል ድንጋዮች ሊያሳይ ይችላል። በጢያ 36 ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ይታያል፤ ከሥራቸውም መቃብር ተገኝቷል። ያቆሟቸው ሰዎች ምን ብለው ይጸልዩ እንደ ነበር የሚናገር ጽሑፍ አልተዉም። ስለዚህ ማንም ተማሪ «ይህ የእኛ ነው» ወይም «የእነርሱ ነው» ብሎ ሊጀምር አይችልም፤ ሁሉም ከመለካት ይጀምራል። ለዚህም የ30 ሜትር ሜትር፣ ገመድ፣ ቱንቢና ውኃ ልክ ያስፈልጋል፤ እነዚህን ከሥራ ቦታው ዕቃ ግምጃ ቤት ለአንድ ቀን ተውሶ መሄድ ይቻላል።